ሾፌርና የጌታው ደኅንነት

ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብፅ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ መጥተው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማ ሲጓዙ ጥይት በተተኮሰባቸው ጊዜ፣ ያተረፋቸው ጥይት የማይበሳው መኪና ብቻ አልነበረም፤ መኪናው ወዲያው ዞሮ ወደ መጣበት መመለሱም ጭምር ነው።

ከዚያ ጎዳና እምብዛም በማይርቀው በአትላስ ሰፈር፣ ሥራ አስኪያጆችን የሚያመላልሱ ሾፌሮች በየሆቴሉ ደጃፍ ቆመው ይታያሉ። ባለንብረቱ ለመኪናው ብዙ ገንዘብ ሲያፈስ ለነጂው ትምህርት ማውጣት ግን ይከብደዋል። እንዲያውም ቀጠሮውን ያሳለፈው ራሱ ሆኖ ሳለ «ቶሎ ንዳ» እያለ ያጣድፈዋል። ከፊቱ ካለው መኪና ተጠግቶ የቆመ ሾፌር አደጋ ቢመጣ መዞሪያ ቦታ የለውም። ወደ ባንክ የሚሄድበትን መንገድና ሰዓት ማለዋወጥ፣ የጌታውንም ጉዞ ለማንም አለማውራት የሥራው ክፍል ነው። ሌሊቱን እንግዳ ሲያመላልስ ያደረ ሰው ደግሞ ማለዳ መሪ ሊጨብጥ አይገባውም።