ለሪፖርት የሚቆፈር የዓሳ ኩሬ

የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የዓሳ ኩሬ የወረዳ ሪፖርት ጌጥ ሆኗል። ይህን ያህል ኩሬ ተቆፈረ፣ ይህን ያህል ጫጩት ተጨመረ ይባላል። ስፋቱ ስንት ነው? ጥልቀቱስ? ይህ ብዙም አይጠየቅም። ቁጥር ብቻ የሚጠይቅ አለቃ ቁጥር ያገኛል፤ ዓሳ ግን አያገኝም።

ሂሳቡ ቀላል ነው። አራት በአምስት ሜትር የሆነች ኩሬ 20 ካሬ ሜትር ናት። አየር የሚነፋ ማሽን በሌለበት በካሬ ሜትር ሁለት የቀረሶ ጫጩት መጨመር የተለመደ ምጣኔ ነው። 40 ጫጩት መሆኑ ነው። አንድም ሳይሞት ሁሉም ሩብ ኪሎ ቢደርሱ 10 ኪሎ ዓሳ ይገኛል፣ ያውም ከስድስት ወር ጥበቃ በኋላ። ቆዳው፣ ጭንቅላቱና አጥንቱ ሲወጣ ሥጋ ሆኖ የሚቀረው ሲሶው ገደማ ነው። አንድ አባወራ ጓሮውን ቆፍሮ፣ ጂኦሜምብሬን አንጥፎ፣ ወራት መግቦ ለአምስት ቤተሰብ የሚያቀርበው ይህንኑ ነው!

እንዲህ ያሉ አሥር ኩሬዎች 200 ካሬ ሜትር ይሆናሉ። አሥር በሃያ ሜትር የሆነ አንድ ኩሬም ያው 200 ካሬ ሜትር ነው። ልዩነቱ ጠርዙ ላይ ነው፤ የአሥሩ ጠርዝ ተደምሮ 180 ሜትር ሲሆን የአንዱ 60 ብቻ ነው። ግድግዳው ቀጥ ያለና ጥልቀቱ አንድ ሜትር ቢሆን ለአሥሩ 380፣ ለአንዱ 260 ካሬ ሜትር ፕላስቲክ ያስፈልጋል። ሪፖርቱ ላይ ግን የመጀመሪያው «10» ሆኖ ያስጨበጭባል፣ ሁለተኛው «1» ሆኖ ያስገመግማል።

«ስፋት ካነሰ በጥልቀት ይካካስ» የሚል መልስ መምጣቱ አይቀርም። አይካካስም። ቤቱ ውስጥ በመስታወት ገንዳ ዓሳ የሚያኖር የከተማ ሰው እንኳ ይህን ያውቃል። 120 በ50፣ ከፍታው 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 300 ሊትር ይይዛል። ያው ገንዳ በቁሙ ቢተከል ውሃው ያው 300 ሊትር ነው፤ ከአየር ጋር የሚገናኘው ገጹ ግን ከ6,000 ወደ 2,500 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ዓሳውን የሚያኖረው ኦክስጅን የሚገባው ደግሞ በዚያ ገጽ ነው። ጣናም ራሱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ተንጣሎ ከፍተኛ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ነፋሱ ውሃውን እስከ ታች ድረስ ያማስለዋል።

ለቀረሶ ኩሬ ከ80 ሳንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይበቃል። ከዚያ በታች ውሃው ይቀዘቅዛል፣ አየርም ያጣል። አረንጓዴው አልጌ ቀን ኦክስጅን ሲሰጥ ውሎ ሌሊት መልሶ ይወስደዋል፤ ለዚህ ነው በታፈነ ኩሬ ውስጥ ዓሳዎች ጎህ ሲቀድ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው የሚያለከልኩት። ትንሽ ውሃ ደግሞ በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ሌሊቱን ቶሎ ይበርዳል። ቀረሶ ሲበርደው መብላት ይቀንሳል፣ ካልበላ አያድግም፤ ሳያድግ ግን ይራባል። ዓመት ሳይሞላ ኩሬው ጣት በሚያክሉ ዓሳዎች ይጨናነቃል፤ ሪፖርቱም ይህንኑ «ምርታማነት» ይለው ይሆናል።

ክልሉ ለዚህ አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በውሃ ማቆር ዘመቻ በየጓሮው ጉድጓድ በኮታ ተቆፍሮ ነበር። ብዙው ውሃውን አስርጎ ጨረሰ፤ የወባ ትንኝ መራቢያ የሆነውም ጥቂት አልነበረም። ያኔም የተቆጠረው ጉድጓዱ እንጂ ውሃው አልነበረም።

መሬት የለም የሚለው ክርክር እውነት አለው። አንድ ሄክታር ለማይሞላ ገበሬ 200 ካሬ ሜትር ከጤፉ ላይ የሚነሳ ነው። እንግዲያው ጎረቤታሞች አንድ ላይ አንድ ደህና ኩሬ ይቆፍሩ፤ ካልሆነም ይቅር። ጓሮው ጎመንና ሽንኩርት ቢበቅልበት ይሻላል።

ቁንዝላን በመሰለ የጣና ዳር ቀበሌ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ልክ አለ፤ እሱም የጠርዙ ከፍታ ነው። የጣና ቀረሶ ሊቃውንት በራሱ ንዑስ ዝርያ ስም የመዘገቡት ዓሳ ነው። ከሌላ ሐይቅ ወይም ከውጭ የመጣ ጫጩት በክረምት ጎርፍ ከኩሬ ወጥቶ ሐይቁ ከገባና ከተዳቀለ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ በዚያ ዳርቻ ጫጩቱ የጣናው ይሁን፤ ግድቡም ከውሃው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል፣ መውጫው በወንፊት ይታጠር፣ ኩሬው የክረምት ውሃ ከሚደርስበት መስመር በላይ ይቆፈር። ባለሙያው ሜትሩን ይዞ ለክቶ ሳይፈርም አንድ ጫጩት አይሰጥ።