ሽቦው መጨረሻ ይምጣ

ኅዳር 2015 ዓ.ም. «የሌማት ትሩፋት» የሚባለው መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ከተማ ውስጥ ከብት የማርባት ወሬ በርትቷል። «ተደራጅተን ጋይንት እንገባለን፤ ስማዳ ወርደን እናደልባለን» የሚል ጓደኛ የሌለው ማን ነው? ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እንደግፋለን። ቅር የሚለን ዕቅዱ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ስንት ጥቅል ሽቦ፣ ስንት ቆርቆሮ፣ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ። ሣሩስ? ውኃውስ? እስከ ዛሬ እዚያ መሬት ላይ በጎቹን ሲያሰማራ የኖረው ጎረቤትስ? እነሱ «በሂደት የሚታዩ» ናቸው።

እኛ ደግሞ እንላለን፦ ሽቦው መጨረሻ ይምጣ።

ባዶ መሬት የለም

ከጉና ተራራ እስከ በሽሎ ሸለቆ ያለውን አገር አስቡት። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። በሽሎ ቆላ ነው፤ ፀሐዩ ያቃጥላል። በመካከሉ ያለው የነፋስ መውጫ፣ የአርብ ገበያ፣ የወገዳና የመካነ ኢየሱስ ሰው ተዳፋት ሲያርስ የኖረ ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም የገባባቸው ወረዳዎች ናቸው። ዛሬ ዳገቱ ላይ የምናየው እርከንና ክትር የብዙ ሰው ላብ ነው። ለከተሜ ዓይን ባዶ የሚመስለው ተራራ ባለቤት አለው፤ ስሙ ደብተር ላይ ባይኖርም።

ሌላም ነገር አለ። በአማራ ክልል መሬት በስፋት የተደለደለው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ የተወለደ የገጠር ልጅ ከወላጁ ካልወረሰ ወይም ካልተከራየ መሬት የለውም። ስለዚህ «ለወጣቶች ቦታ ይሰጥ» ሲባል ዓይን የሚያርፈው ብዙ ጊዜ በወል ግጦሹ ወይም በተከለለው ተራራ ላይ ነው። ወጣቱ መብት አለው፤ ሠርቶ መብላት አለበት። ግን ሦስት በግ ያላት ባሏ የሞተባት እናትም መብት አላት። ሽቦው ሲዘረጋ በጎቿን የት ትወስዳቸው? ዕቅዱ ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሌለው ዕቅድ አይደለም፤ የጠብ መነሻ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው

አንድ ሄክታር መሬት 100 በ100 ሜትር ቢሆን ዙሪያው 400 ሜትር ነው። ያው አንድ ሄክታር 50 በ200 ሆኖ ቢሰጣችሁ ዙሪያው 500 ይሆናል። በየ2.5 ሜትሩ አንድ ቋሚ ካቆማችሁ ለመጀመሪያው 160፣ ለሁለተኛው 200 ቋሚ ያስፈልጋል። በአራት መስመር ሽቦ ስትዘረጉ ደግሞ 1,600 ወይም 2,000 ሜትር ሽቦ መሆኑ ነው። የመሬቱ ቅርጽ ብቻ ይህን ያህል ወጪ ይጨምራል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ሲወጣ አንድ ዘለላ ሣር እንኳ አልበቀለም።

አጥር አያስፈልግም እያልን አይደለም። አጥር ሽቦ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ቆላው ቅንጭብና ቁልቋል አለው። ደጋው ድንጋይ ሞልቶታል፤ ካብ ለመካብ የሚችል እጅም አለው። ምሳሌው ሩቅ አይደለም፤ እዚያው ደቡብ ጎንደር ነው። ብዙዎቻችን «እመጓ» በተሰኘው መጽሐፉ የምናውቀው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያው የደን ተመራማሪ ነው። የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች አጥንቶ ችግኝ እንዳያድግ ከሚያደርጉት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ የከብት ግጦሽ መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆኖ ካህናቱና ምእመናኑ ደኖቹን በድንጋይ ካብ እንዲያጥሩ አገዘ። ድንጋዩ ከየማሳው የተለቀመ ነው። ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፣ ደኑም ታጠረ። ያ ካብ የቆመው ሕዝቡ «የእኛ ነው» ስላለ ነው።

መንዝም ሌላ ትምህርት አለ። የጓሳ ሣር ለዘመናት የተጠበቀው ያለ ምንም ሽቦ፣ «ቄሮ» በሚባል የጋራ ደንብ ነው። ሣሩ ለዓመታት ተከልሎ ይቆያል፤ ጊዜው ሲደርስ ተከፍቶ ይታጨዳል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ተዳከመ፤ ሕዝቡ ግን ሌላ መልክ ሰጥቶ ጥበቃውን ቀጥሎበታል። ደንብ አጥር ይሆናል ማለት ይህ ነው።

ቆርቆሮውም ሥራ ይሥራ

ጋጥ ስንሠራ ቆርቆሮን እንደ ጥላ ብቻ ማየት ብክነት ነው። 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በዓመት 800 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 40,000 ሊትር ውኃ ነው። አምስተኛው እንኳ ቢባክን 32,000 ይቀራል። አንድ ላም በቀን 30 ሊትር ትጠጣለች ብንል፣ ማጠራቀሚያ ካለ፣ አምስት ላሞችን ከ200 ቀን በላይ ያጠጣል። በጋን ተሻገርን ማለት ነው! ለዚህ የሚያስፈልገው አሸንዳና ጉድጓድ ነው። ዕቅዱ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ጣሪያው አለ፣ አሸንዳው የለም።

አቀማመጡም ይታሰብበት። በሽሎ ዳር ረጅሙ ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢዘረጋ ፀሐዩ ይቀንሳል። ጉና ሥር ግን ፀሐይ ቢገባ፣ ነፋሱ ቢከለል ይሻላል። አንድ ዓይነት ንድፍ ለሁለቱም መስጠት ለሁለቱም አለማሰብ ነው።

ታዲያ በምን እንጀምር?

አንደኛ፣ በጉባኤ። የቀበሌው ሰው፣ ሴቶቹም ጭምር፣ ተሰብስቦ ውስጠ ደንብ ይጻፍ፦ ቦታው ለስንት ዓመት ይከለላል? ጎረቤት በየዓመቱ ስንት ሸክም ሣር ያጭዳል? ወደ ውኃ የሚወስደው መንገድ በየት በኩል ይከፈታል? ሁለተኛ፣ በመሬቱ። እርከኑ ይጠገን፣ ጫፉ ላይ ዴሾ ሣር ይተከል፣ ልቅ ግጦሹ ቀርቶ ታጭዶ ይቅረብ። ሦስተኛ፣ በውኃው። አራተኛ፣ በጣሪያው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ገንዘብ ከተረፈ ሽቦው ይዘርጋ፤ ያኔም ጥጆችን ለመለየትና ግቢውን ለመዝጋት ያህል ብቻ ይበቃ ይሆናል።

«ይህማ ጊዜ ይፈጃል» የሚሉን አሉ። አዎ፣ ይፈጃል። ሽቦ በሳምንት ይዘረጋል፤ በአንድ ሌሊትም ይቆረጣል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ክልሉ ውስጥ ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ገንዘቡን ወደ አገር ቤት ለመስደድ የሚፈራ በዝቷል፤ አይፈረድበትም። ግን በክፉ ቀን በረት የሚጠብቀው የትኛው ነው? ያኮረፈ ጎረቤት በሽቦ አይቆምም። ድርሻ ያለው ጎረቤት ግን የራሱን ሣር የሚጠብቅ ዘበኛ ነው።

ወዳጆቻችን፣ ዕቅዳችሁን እንደገና አውጡትና ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው አንብቡት። የጎረቤቱ ስም ያለበት ገጽ ከሌለ፣ ሽቦ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ጻፉ።