ለሎተሪውም እኮ ትኬት ያስፈልጋል!

የደብረ ታቦሯ ልጅ አሜሪካ ሄዳ ሜሪላንድ ብትወልድ፣ ሕፃኑ በተወለደ በቀናት ውስጥ ተረከዙ ጠቅ ይደረግና ጥቂት የደም ጠብታ ወረቀት ላይ ይወሰድለታል። እህቷ እዚሁ አገሯ ብትወልድስ? ልጁ ቢሲጂ ይከተባል፣ የፖሊዮ ጠብታ ይቀምሳል፣ እናቲቱም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብላ ትሸኛለች። ደሙን የሚጠይቅ የለም።

ከዚያ ደም ከሚፈለጉት አንዱ ስፓይናል መስኩላር አትሮፊ የሚባል በዘር የሚወረስ በሽታ ነው። ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች ይሞታሉ። አእምሮው ደህና ነው፤ ሕፃኑ እናቱን ያውቃል፣ ይስቃል። ከባዱ ዓይነት ከያዘው ግን አንገቱን ሳያቀና፣ ሳይቀመጥ፣ ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ትንፋሽ አጥሮት ይሞታል።

እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የምንጋባው። ደግ ባህል ነው፤ የዘር ጉድለት በሥጋ ዘመድ በኩል እንዳይገናኝ ያግዛል። ነገር ግን ሁለት ባዳዎችም ጉድለቱን ሳያውቁት ሊሸከሙት ይችላሉ። እነሱ ጤነኛ ናቸው፤ በየእርግዝናው ግን ልጁ የመታመሙ ዕድል ከአራት አንድ ነው። ከዚያ «ቡዳ በላው» ይመጣል፣ «እርግማን ነው» ይመጣል። ወንዛዬ ፍል ውሃ እግሩ የዛለ ልጅ አዝለው የሚወርዱ እናቶች አይቻለሁ። በሽታው ይኸኛው ነው አልልም፣ ሐኪም አይደለሁም። ፍል ውሃውንም አልነቅፍም፣ እኔም እታጠብበታለሁ። የሚያንገበግበኝ የልጃቸውን በሽታ ስም የነገራቸው ሰው አለመኖሩ ነው።

«ቢታወቅስ መድኃኒቱ ከየት ይመጣል?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 የፈቀደችው የኖቫርቲሱ ዞልጀንስማ ሲወጣ ዋጋው 2.125 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ይህን ጤና ጣቢያው ይግዛ የምል እብድ አይደለሁም። ኩባንያው ግን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ መድኃኒቱ ላልተፈቀደባቸው አገሮች ሕፃናት በዓመት እስከ 100 መርፌ በዕጣ በነፃ እሰጣለሁ አለ። በሕፃን ነፍስ ሎተሪ! ብዙ ሰው ተቆጣ፣ እኔም ተቆጥቻለሁ። ቢሆንም ዕጣው ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ነበር። በሽታው ያልተለየለትን ልጅ ስም ማን ያስገባለታል? ትኬቱ እኮ ያቺው የደም ጠብታ ነች!

ጊዜውም አይጠብቅም። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሱ፣ በከባዱ ዓይነት ነርቮቹ እያለቁ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ የሞተውን ነርቭ አያስነሳም።

ጤና ሚኒስቴርን የምጠይቀው ከቀላሉ እንዲጀምር ነው። ያው የተረከዝ ደም ታይሮይድ ዕጢው የማይሠራ ሕፃንንም ይለያል። እሱ የሚድነው በርካሽ ኪኒን ነው፤ ከዘገየ ግን አእምሮው ወደ ኋላ ይቀራል። ወረቀቱ፣ መርፌው፣ ላቦራቶሪው ለዚህ ከተዘረጋ ለሌላውም በሩ ተከፈተ ማለት ነው። ሚሊዮን ዶላር ለማይጠይቀው ለዚህኛውስ ሰበቡ ምንድን ነው? መልስ ያለው ባለሥልጣን ይጻፍልን፤ ሳንቆርጥ እናወጣለታለን።