ዋልያው ያለበት ተራራና የደጋው ገበሬ ድርሻ

የተፈጥሮ ሀብት ያላቸው አገሮች ሁሉ አልበለጸጉም። በናይጄሪያ ነዳጅ በሚወጣበት የኒጀር ዴልታ የሚኖረው ገበሬና ዓሣ አስጋሪ መሬቱና ውኃው ተበክሎበት በችግር ይኖራል። ቦትስዋና በአንጻሩ የአልማዝ ገቢዋን ለመንገድ፣ ለትምህርትና ለጤና አውላ ከድሆች አገሮች ተርታ ወጥታለች። ሁለቱን የለያቸው የገቢው አጠቃቀም ነው።

ጥያቄው ሰሜን ጎንደርንም ይመለከታል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የዋልያ ቁጥር በመመናመኑ፣ እርሻና ግጦሽም በመስፋፋቱ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የግጭ ቀበሌ ነዋሪዎች፣ ከ400 በላይ አባወራዎች፣ ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛውረዋል። ገብስ ሲዘራና ከብት ሲያረባ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ የከተማ ነዋሪ ሆነ ማለት ነው። ቅርሱ ከመዝገቡ እንዲወጣ ዋጋ የከፈለው በዋናነት ይህ ገበሬ ነው።

ገቢው ግን በአመዛኙ ሌላ ቦታ ይቀራል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት፣ ሆቴሉና አስጎብኚው ያሉት ደባርቅ ነው። የተለመደው የጉዞ መስመርም ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃ በር አድርጎ ወደ ጨነቅ ይዘልቃል። ከተራራው ወዲያ ያለው የጃናሞራ ገበሬ ተዳፋት ላይ ገብስ ያርሳል፤ አፈሩን ጎርፍ ይወስድበታል። በቅሎ አከራዩና ምግብ አብሳዩ ቢጠቀሙም ገቢው አስተማማኝ አይደለም፤ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና፣ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ጦርነት ጎብኚውን አስቀርቶበታል።

ለመፍትሔው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚሁ ክልል በመንዝ ጓሳ ሕዝቡ ለብዙ ዘመን መሬቱን በራሱ ሕግ ሲጠብቅ ኖሯል። መሬቱ ለዓመታት ይከለላል፤ ሲፈቀድ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን ሣር ያጭዳል። ገበሬው የሚጠብቀው ድርሻው ስለሚታወቅ ነው። በግጭ ያገገመው ሣርም ዋልያውን በማይጎዳበት መጠንና ወቅት ታጭዶ ለአዋሳኝ ቀበሌዎች መኖ እንዲሆን ማጥናት ይገባል። ለከብቱ መኖ ያልቀረበለትን ሰው ከብት አታስገባ ብሎ መቅጣት ብቻውን አይሠራም።

ደረስጌም አለ። ደጃዝማች ውቤ ያሠሯት፣ አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት ደረስጌ ማርያም የምትገኘው በዚሁ በጃናሞራ ነው። ጨነቅ የደረሰ ጎብኚ አንድ ቀን ጨምሮ ወደዚያ ቢሻገር ገብሱን፣ እንቁላሉንና የበቅሎውን አገልግሎት የሚሸጠው የጃናሞራ ገበሬ ይሆናል። ለዚህም ደኅንነቱ የተጠበቀ መንገድና ማደሪያ ያስፈልጋል።