ርዕሰ አንቀጽ፦ ኳሱም ይያዝ፣ ደብተሩም አይጣል

የሰፈራችን ልጆች በሃይስኩል ቅርጫት ኳስ ሲጫወቱ ለማየት የኮሌጅ አሠልጣኞች ሲመጡ ሁላችንም ደስ ይለናል። ነገር ግን ወላጆች ልብ በሉ! እዚህ አሜሪካ ኳስ ብቻውን አያዛልቅም።

የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ኤንሲኤኤ፣ ተማሪው በአንደኛ ዲቪዚዮን ገና ከመጀመሪያው ዓመት እንዲሰለፍ 16 ዋና ዋና ትምህርቶችን ቢያንስ በ2.3 አማካይ ውጤት እንዲጨርስ ይጠይቃል። ከነዚህም 10ሩ 12ኛ ክፍል ሳይጀመር ማለቅ አለባቸው። በኋላ ቢሯሯጡ ያለፈው አይመለስም። በሦስተኛ ዲቪዚዮን ደግሞ በኳስ ችሎታ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ጭራሽ የለም።

አሠልጣኝ በአፍ የሰጠው ተስፋም አያስተማምንም፤ በጽሑፍ ይሁንልን በሉ። እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ሳታስነብቡ አትፈርሙ። ልጃችሁ 9ኛ ክፍል እንደገባ የትምህርት ቤቱን አማካሪ አነጋግሩ።

ሳይቃጠል በቅጠል!