አንገቱ የተቆረጠ መቃብር

በእኛ በሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ዘንድ አንድ ያረጀ ትዕቢት አለ፤ ፊደል የሌለው ሕዝብ ታሪክ የለውም የሚል። አፍ አውጥቶ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ በልቡ የያዘው ግን ብዙ ነው። ብራናችንንና ፊደላችንን አወድሰን ስናበቃ የቀረውን አፍሪካ ለተረትና ለከበሮ እንተወዋለን። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ምስክሬም ቡራ ነው።

ቡራ በኒጀር ደቡብ ምዕራብ የሚገኝ ሥፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 አንድ ወጣት አዳኝ የሸክላ ቅርጾች አገኘ፤ በ1983 ደግሞ የኒጀሩ ተመራማሪ ቡቤ ጋዶ ቦታውን አስቆፈሩ። የወጣው በመቶዎች የሚቆጠሩ የሸክላ ማሰሮዎች የተደረደሩበት የመቃብር ሥፍራ ነበር። ዘመኑ ከ3ኛው እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን ይዘልቃል።

የአቀባበሩን ሥርዓት አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ማሰሮው አፉ ወደ ታች ተደፍቶ ይቀመጣል፤ በውስጡ የብረት ቀስት ጫፍ፣ ጌጥ፣ አንዳንዴም አጥንትና ጥርስ ይገኛል፤ ሟቹ ከዚያ በታች ጠለቅ ብሎ ተኝቷል። ከአንዳንዱ ማሰሮ አናት ላይ ደግሞ ምስል ይወጣል፤ ራስ፣ ሙሉ ሰው፣ ወይም ጌጠኛ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ፈረሰኛ። እንግዲህ ከታች ሰውዬው፣ ከመካከል ንብረቱ፣ ከላይ መልኩ ማለት ነው። ይህ ከላይ ወደ ታች የሚነበብ ጽሑፍ ካልሆነ ጽሑፍ ምን እንደሆነ ይነገረኝ!

ከመቃብሩ የተነቀለውን ራስ በጥቁር መቆሚያ ላይ አቁመው መብራት የሚያበሩበት ሰዎች ግን ቅርጹን እንጂ ይህን አያነቡም። ስለ መስመሩ ንጽሕና፣ ስለ «ዘመናዊነቱ» ይጽፋሉ። የኒጀር ሸለቆዎችን ቅርስ የሚያሳይ ትልቅ ትርኢት በ1993 ፓሪስ ላይ ከተከፈተ በኋላ የገዢው ምራቅ ፈሰሰ፤ የቡራ አካባቢም በዘራፊ አካፋ ታረሰ። ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት በ2000 ባወጣው የአፍሪካ ቀይ መዝገብ ውስጥ የቡራን ሸክላዎች ያስገባው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሰብሳቢዎቹ መልስ አያጡም። «እኛ ባንገዛው ይጠፋ ነበር» ይላሉ። ከማን? ለብዙ መቶ ዓመታት ዝናብም ምስጥም ያላጠፋውን ያጠፋው ገዢ የላከው አካፋ ነው። «የመንደሩ ሰው ራሱ ሸጦልናል» ይላሉ፤ የተራበ ሰው ሳንቲም ሲቀበል ስምምነት ይሉታል። ደግሞም የቤተ ሙከራ ወረቀት ያሳያሉ። ወረቀቱ ሸክላው መቼ በእሳት እንደተተኮሰ ይናገራል፤ ከየትኛው መቃብር፣ ከማን አጥንት በላይ እንደተነሣ ግን የሚናገር መሣሪያ የለም። ያንን የሚያውቀው አፈሩ ነበር፤ አፈሩ ደግሞ ተገለባብጧል።

መንግሥታትም ከዚህ አይርቁም። የቡራ ባይሆኑም፣ ፈረንሳይ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሦስት የናይጄሪያ ጥንታዊ ሸክላዎች፣ ሁለት የኖክ አንድ የሶኮቶ፣ ከገበያ ገዛች፤ በ2000 በሉቭር አሳየቻቸው። ጩኸት ሲበረታ በ2002 ባለቤትነቱ የናይጄሪያ መሆኑን አምና ዕቃዎቹ ለ25 ዓመት በውሰት ፓሪስ እንዲቆዩ ተስማማች። ባለቤቱ አንተ ነህ፣ ቤቱ ግን የእኔ፤ እንዲህ ያለ ውሰት በእኛ ሰፈር ሌላ ስም አለው።

ሩቅ ነው የሚል ካለ ኮንሶን ይመልከት። ለጀግና መቃብር የቆሙት የእንጨት ዋካዎች ተነቅለው የተሸጡት በዚሁ ዓይነት ነው። ከገድል መጽሐፍ አንድ ሥዕል በምላጭ ተቀዶ ገበያ ሲወጣ የምንቆጣ እኛ፣ ስለ ቡራው ፈረሰኛ ዝም የምንለው የተቀደደው ገጽ በግእዝ ፊደል ስላልተጻፈ ነውን?

ፈረሰኛው ዛሬ በየሳሎኑ ቆሟል። ከግርጌው ያለችው ቁራጭ ወረቀት ፈረሰኛ መሆኑን፣ ሸክላ መሆኑን፣ ከኒጀር መምጣቱንና ቁመቱን ትነግራለች። የታችኛው ግማሹ፣ ማሰሮው፣ እዚያው ተሰብሮ ቀርቷል፤ ለሽያጭ አይሆንማ።