የካማሺ መዝገብ ሁለተኛ ቅጂ የት ይቀመጥ?

ሚያዝያ 2013 በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የካማሺ ዞን ሴዳል ወረዳ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ በታጣቂዎች እጅ መግባቱን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቆ ነበር። ሰዎች ተገድለዋል፤ የመንግሥትና የግል ንብረትም ተቃጥሏል። ንብረት ተቃጠለ ሲባል የምናስበው ቤቱንና እህሉን ነው። ነገር ግን ቢሮ ሲነድ መደርደሪያው ላይ ያለው መዝገብም አብሮ ይነዳል፤ ተፈናቃዩ ሲመለስ ይዞታውን በምን ያስረዳል?

«ኮምፒውተር ይግባ» የሚለው መልስ ግማሽ መልስ ነው። ዳታቤዝም ይበላሻል፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ፣ ቫይረስ ሲገባ፣ ወይም ሠራተኛ የማይነካውን ሲነካ። መድኃኒቱ ስናፕሾት ነው፤ ዳታቤዙ በአንድ በተወሰነ ሰዓት የነበረበትን ሁኔታ እንዳለ ማስቀመጥ። ስናፕሾቱ እኩለ ሌሊት ላይ ተነሳ እንበል። በማግስቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ የወረዳው መዝጋቢ አንድ ልደት መዘገበች፤ 9 ሰዓት ላይ ዳታቤዙ ተበላሸ። ያለን ስናፕሾቱ ብቻ ከሆነ ወደ እኩለ ሌሊት እንመለሳለን፤ እናት የምስክር ወረቀቱን ይዛለች፣ ሕፃኑ ግን መዝገብ ላይ የለም። እያንዳንዱን ለውጥ በተራ የሚጽፈው ሎግ ሌላ ቦታ ከተረፈ ግን ብልሽቱ ሊደርስ አንድ ደቂቃ እስከቀረው ድረስ ያለውን ሁሉ መመለስ ይቻላል።

ወደ ኋላ መመለስ ብቻውን የማይበቃበት ጊዜም አለ። መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሲታወክ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ከ801 ሚሊዮን ብር የሚበልጥ ገንዘብ ወሰዱ። ባንኩ ሲስተሙን ወደ ምሽቱ መልሶ መገላገል አይችልም ነበር፤ ብሩ ከኤቲኤም ወጥቷል፣ በዚያው ሌሊት በሐቅ የተላላከም ሰው አለ። ገንዘቡን ያስመለሰው ዝውውሩን አንድ በአንድ ተከታትሎ ነው።

ባክአፕ አለኝ ማለትም አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 የሶፍትዌር ድርጅቱ የጊትላብ ባለሙያ ዋናውን ዳታቤዝ በስህተት ሲያጠፋ፣ ድርጅቱ ይመካባቸው ከነበሩት አምስት የመጠባበቂያ ዘዴዎች አንዱም በወጉ አልሠራም። ያዳነው ከ6 ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ የተነሳ ስናፕሾት ነው። በመካከል የገባው መረጃ ቀረ።

ያ ሁሉ ባለሙያ ያለው ድርጅት እንዲህ ከሆነ፣ ካማሺ ላይ ሰርቨሩንና ባክአፑን አንድ ክፍል ውስጥ ቆልፎ መሄድ ወረቀቱን በሌላ መልክ ለእሳት ማዘጋጀት ነው። አንዱ ቅጂ አሶሳ፣ ሌላው አዲስ አበባ ይቀመጥ። ኔትወርክ ሲቋረጥ ሎጉ እዚያው ይጠራቀምና መስመር ሲመለስ ይላክ፤ መስመሩ ተቋርጦ ሳምንታት ከቆየም በታሸገ ዲስክ በሰው እጅ ይሂድ።

ለዚህ ሲስተም ግዢ በሚወጣው ጨረታ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር፦ አቅራቢው መዝጋቢዋ በመረጠችው ቀንና ሰዓት የነበረውን ዳታቤዝ ባዶ ኮምፒውተር ላይ መልሶ ያሳይ፤ እሷም ራሷ የመዘገበችውን ልደት ትፈልግ። ካልተገኘ ክፍያ አይፈጸምም።